ምሰሶ የሚያስነብብ መጽሐፍ

ግሬዲ ሂልሃውስ የአሜሪካዋ ቴክሳስ ሲቪል መሐንዲስ ነው፤ ብዙዎች የሚያውቁት «ፕራክቲካል ኢንጂነሪንግ» በተባለው የዩቲዩብ ቻናሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በኖ ስታርች ፕሬስ ያሳተመው «ኢንጂነሪንግ ኢን ፕሌን ሳይት»፣ ቀና ብሎ «ያ የተሰቀለው ነገር ምንድን ነው?» ለሚል መንገደኛ የተዘጋጀ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ነው። ስምንት ምዕራፎች አሉት፤ ከኤሌክትሪክ ተነስቶ በመገናኛ፣ በመንገድ፣ በድልድይ፣ በባቡር፣ በግድብ፣ በውሃና ፍሳሽ በኩል አልፎ በግንባታ ይደመደማል። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ላይ ነው። ግራ የሚያጋባን የምሰሶ ላይ ዕቃ በብዛት የሚገኘው እነሱ ውስጥ ነው፤ የመጽሐፉ ብርታትም ድካምም ጎልቶ የሚታየው እዚያው ነው።

የሂልሃውስ ትልቁ ውለታ ምሰሶን በሥርዓት ማንበብ ማስቻሉ ነው። ንባቡ ከላይ ወደ ታች ነው። ጫፉ ላይ በስኒ (ኢንሱሌተር) ተይዞ የሚሄደው ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከመው መስመር ነው። ዝቅ ብሎ ትራንስፎርመሩ፣ ከዚያም ወደየቤቱ የሚገባው ዝቅተኛ መስመር ይከተላል። ቀጥሎ አንድ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል፤ የስልክ፣ የኬብል ቴሌቪዥንና የኢንተርኔት መስመሮች ከክፍተቱ በታች ናቸው። ክፍተቱ የተተወው የስልክ ሠራተኛው ምሰሶው ላይ ወጥቶ ሲሠራ ኤሌክትሪክ እንዳይነካው ነው። ይህን የያዘ አንባቢ ስሙን የማያውቀው ሳጥን ቢገጥመው እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከክፍተቱ በላይ ከሆነ የመብራት፣ በታች ከሆነ የመገናኛ መሆኑን በራሱ ይደርስበታል።

ሁለተኛው ብርታቱ የዕቃውን ቅርጽ ከሥራው ጋር ማያያዙ ነው። ከትራንስፎርመሩ በላይ በስኒ ተይዞ ዘንበል ያለውን ቱቦ እንውሰድ። ድሮፕ አውት ፊውዝ ይባላል። በቱቦው ውስጥ የተወጠረ ቀጭን የፊውዝ ሽቦ አለ፤ ቱቦው ከላይ እንደተቆለፈ የሚቆየው በዚህ ውጥረት ነው። ከልክ ያለፈ ኃይል ሲያልፍበት ሽቦው ይቀልጣል፣ ውጥረቱ ይላላል፣ ቱቦውም ከላይ ተላቆ በታችኛው ማጠፊያ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መውደቁ መስመሩን ይቆርጣል፤ ተንጠልጥሎ መታየቱ ደግሞ ብልሽቱን ለሚያስስ ሠራተኛ ከመሬት የሚታይ ምልክት ነው። አንዲት ዕቃ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ይህን ያወቀ ሰው መብራት በጠፋበት ቀን ቀና ብሎ አይቶ ለጥገና ክፍሉ የሚጠቅም መረጃ መስጠት ይችላል።

የሚያበሳጨን የመብራት ሄድ መለስ ማለትም ምክንያት አለው። ቅርንጫፍ ሽቦ ነክቶ ሲመለስ ወይም መብረቅ ሲያልፍ የሚፈጠረው ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚቆይ ነው። ስለዚህ ሪክሎዘር የሚባለው ዕቃ መስመሩን ቆርጦ ጥቂት ይጠብቅና መልሶ ያገናኛል፤ ደጋግሞ ሞክሮ ብልሽቱ ካልለቀቀ ብቻ ተቆርጦ ይቀራል። በመገናኛው ወገን ደግሞ ብዙ ሰው ለምን እንደተሰቀለ የማያውቀው የተጠቀለለ የፋይበር ኬብል አለ። ፋይበር በሹሉ ከታጠፈ ብርሃኑ ይባክናል፤ ስለዚህ ትርፉ ኬብል በሰፊ ማቀፊያ ዙሪያ ተጠምዝዞ ይቀመጣል። ትርፉ የተተወው መስመሩ ሲበጠስ ጫፉን ወደ መሬት አውርዶ ለመቀጠል ነው።

ሂልሃውስ ይህን ሁሉ የሚያሳየው በሥዕል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 «ኢንፍራስትራክቸር» የተባለውን መጽሐፍ ያወጣው ብራያን ሄይስ ግን ራሱ ያነሳቸውን ፎቶግራፎች መርጦ ነበር። ሥዕል ለጀማሪ ይመቻል፤ አንዱን ዕቃ ከሌላው ለይቶ ያሳያል። ዋጋም ያስከፍላል። እውነተኛው ምሰሶ ላይ የዛገ ማሰሪያ፣ አገልግሎቱ ያበቃ ሽቦ፣ ከአዲሱ አጠገብ ሳይነሳ የቀረ አሮጌ ሳጥን አለ። የሄይስ ፎቶዎች ይህን የዘመን ድርርብ ጠብቀው ያቆያሉ፤ የሂልሃውስ ንጹህ ሥዕሎች ያጠፉታል። በየሥዕሉ መካከል አንድ እውነተኛ ፎቶ ቢጨመር ኖሮ አንባቢው ከገጹ ወደ ጎዳናው ሲወጣ ያን ያህል አይቸገርም ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ጉድለት መጽሐፉ ከአሜሪካ አለመውጣቱ ነው። ንዑስ ርዕሱ ስለ «የተገነባው አካባቢ» በጠቅላላው ይናገራል፤ ምሰሶዎቹ ግን የአንድ አገር ናቸው። እዚያ በርሜል የሚመስል ትንሽ ትራንስፎርመር ለጥቂት ቤቶች 120 እና 240 ቮልት ይሰጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን በሁለት ምሰሶ መካከል የተቀመጠ ባለ ሦስት ፌዝ ትራንስፎርመር 15 ኪሎ ቮልት ተቀብሎ በ380 እና በ220 ቮልት ለብዙ ቤቶች ያከፋፍላል። የሥርዓቱ ልዩነት ኑሮ ላይ ይወርዳል፤ እዚያ አንድ ትራንስፎርመር ሲበላሽ ጥቂት ጎረቤቶች ይጨልማሉ፣ እዚህ ሰፈር ይጨልማል። ደራሲው ይህን በአንድ ገጽ ቢያነሳ መጽሐፉ ለሌላው ዓለም አንባቢም በሩን ይከፍት ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለ ባለቤትነት ነው። ሂልሃውስ «ምን ይሠራል?» የሚለውን በሚገባ ይመልሳል፤ «የማን ነው? ማን ፈቀደው?» ለሚለው ግን ብዙ ቦታ አይሰጥም። ዛሬ በአሜሪካ ከተሞች ምሰሶ ላይ የፖሊስ ካሜራና የመኪና ታርጋ የሚያነብ መሣሪያ ይሰቀላል። ኢንግሪድ በሪንግተን እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው «ኔትወርክስ ኦቭ ኒው ዮርክ» የከተማዋን የኢንተርኔት መስመሮች ስትከታተል የክትትል መሣሪያዎችንም አላለፈቻቸውም። የኤሌክትሪክ ዕቃ አለማወቅ ቢበዛ ግር ያሰኛል፤ የሚመለከትህን መሣሪያ አለማወቅ ግን መብት ያሳጣል።

ይህ ሁሉ ቢሆንም መጽሐፉን ያለማቅማማት እመክራለሁ፤ በተለይ ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ስለ መሠረተ ልማት ለሚዘግቡ ጋዜጠኞች። የሕዝብ ንብረት የሚጠበቀውም፣ ስለ እሱ ጥያቄ የሚነሳውም በሚያውቀው ሕዝብ ነው። የእንጨቱንና የኮንክሪቱን ምሰሶ፣ የ15 እና የ33 ኪሎ ቮልቱን መስመር፣ የወደቀውን ፊውዝና የተሰነጠቀውን ስኒ በአማርኛ እያሳየ የሚያስተምር፣ የትኛው ሽቦ ፈጽሞ እንደማይነካ ለልጆች የሚነግር መጽሐፍ የአገራችን መሐንዲሶች ዕዳ ነው። ሂልሃውስ እንዴት እንደሚጻፍ አሳይቷል፤ የቀረው ሥራ የእነሱ ነው።