ከወገብ በታች

የባሕር ልጃገረድን በቃል የሚተርክ ሰው ሥራው ቀላል ነው። «ከወገቧ በላይ ሴት፣ ከወገቧ በታች ዓሣ» ብሎ ያልፋል፤ የቀረውን አድማጭ ይሞላዋል። ጭቃ የያዘ ቀራፂ ግን እዚያች ወገብ ላይ ሲደርስ እጁ ይቆማል። ሰው የሚቀመጠው በዳሌው ነው። ዳሌዋን ጅራት ካደረግነው ድንጋዩ ላይ በምኗ ትቀመጥ?

ኤድቫርድ ኤሪክሰን ለዚህ የሰጠውን መልስ እወደዋለሁ። የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰንን ተረት ይዞ የሠራት፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ኮፐንሃገን ወደብ ላይ የተተከለችው የነሐስ ሐውልት ቁመቷ 1.25 ሜትር ብቻ ነው። (ከሩቅ አገር የመጣ ጎብኚ «ይቺው ናት?» ቢል አይፈረድበትም።) ጠጋ ብሎ ላያት ግን ዳሌዋም ጭኗም የሰው ነው። ሁለት እግሮች አሏት፤ የዓሣ ክንፍ የሚሆኑት ወደ ታች ከወረዱ በኋላ ነው። ኤሪክሰን መጋጠሚያውን ከወገብ ስላወረደው ክብደቷ ድንጋዩ ላይ ደልደል ብሎ ያርፋል።

የሉድቪካ ኒትሾቫ ሥራ ሌላ ነው። በ1939 ዋርሶ ውስጥ፣ በቪስቱላ ወንዝ ዳር የቆመችው ሴት ጋሻ ይዛ ሰይፍ አንስታለች። ሞዴል የሆነችላት ገጣሚዋ ክሪስቲና ክራሄልስካ በ1944ቱ የዋርሶ አመፅ ቆስላ ሞተች። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያቺን ሐውልት በቅርጿ ብቻ መመዘን አልሆንልህ ብሎኛል።

ጀማሪ ቀራፂ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቅርፊቱ ነው። ቅርፊት አታላይ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ደካማ ቅርጽ ይሸፍናል። እኔ ቅርፊት የማስገባው ጅራቱ ልሙጥ ሆኖ ዓሣ መምሰሉን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው፤ ያኔም ብርሃን የሚያገኘው ጎን ላይ ብቻ።

ሚካኤል ኤልምግሪንና ኢንጋር ድራግሴት ደግሞ ጅራቱን ከነጭራሹ ጣሉት። በ2012 ሄልሲንጎር ወደብ ላይ ያስቀመጡት «ሃን» ወንድ ነው፤ እግሩም የሰው እግር። የተሠራበት የማይዝግ ብረት እንደ መስታወት ስለተወለወለ ሰማዩም ውሃውም ገላው ላይ ይታያል። በየሰዓቱ አንዴ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፤ ይህች ብልሃት ለእኔ ትርፍ ናት። ያለ ጅራትም ቢሆን የኮፐንሃገኗን ያየ ሰው ዘመዷ መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ አቀማመጡ የእሷው ነዋ! ታሪኩን ተሸክሞ የኖረው ጅራቱ ሳይሆን የጀርባዋ ማጎንበስና የአንገቷ ዘንበል ማለት ኖሯል።

አሁን በያዝኩት ሥራ ላይ የጀመርኩት ከጀርባዋ ነው። ከወገቧ በታች ገና ብረትና ሽቦ ናት፤ ጅራት ይኑራት አይኑራት ትከሻዋ ሲያልቅ እወስናለሁ።