እንግዳዋ፣ መስታወቱና ጭቃው፦ የሂንዱ ንዋየ ቅድሳት ከትእምርት ባሻገር

የሂንዱን አምልኮ ለጀማሪ የሚያስተዋውቁ መጻሕፍት የጋራ ልማድ አላቸው፤ ለእያንዳንዱ ንዋየ ቅድሳት አንዳንድ ፍቺ ያድላሉ። ኮኮናት ትዕቢት ነው፤ በመቅደሱ ደጃፍ ሲሰበር የሰውየው ትዕቢት ተሰበረ። ካምፎር አመድ ሳያስቀር ነዶ ስለሚያልቅ በአምላክ ፊት የሚቀልጠው «እኔነት» ነው። የዘይት መብራቱ ዕውቀት፣ የባሕር ዛጎሉ መለከት የፍጥረት የመጀመሪያ ድምፅ፣ ደወሉ የተበተነ ሐሳብ መሰብሰቢያ። ዝርዝሩ ለመምህርም ለአስጎብኚም ይመቻል። ካህኑ በእነዚህ ዕቃዎች ምን እንደሚሠራ፣ ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንደሚያነሳቸው፣ በመጨረሻም አንዳንዶቹን ለምን ወንዝ ውስጥ እንደሚጥላቸው ግን አይነግረንም። የማነሳው ክርክር እነዚህ ዕቃዎች ከሁሉ በፊት የመስተንግዶ ዕቃዎች ናቸው የሚል ነው። ትርጉማቸውን የሚያገኙት እንግዳን በመቀበል፣ በማቆየትና በመሸኘት ሥርዓት ውስጥ ከያዙት ቦታ ነው።

ለተቃራኒው ወገን ፍትሐዊ መሆን ይገባል። የፍቺው መንገድ የዘመናችን አስጎብኚዎች ፈጠራ አይደለም። ቪሽኑ ፑራና የተባለው ቅዱስ መጽሐፍ በመጀመሪያው ክፍሉ የአምላኩን የቪሽኑን ጌጥና መሣሪያ አንድ በአንድ ይፈታል፤ በደረቱ ያለው ዕንቁ ነፍስ፣ ዱላው ማስተዋል፣ ሰይፉ ዕውቀት፣ ሰገባው ደግሞ ዕውቀትን የሚሸፍን ድንቁርና ነው ይላል። ሰይፍና ሰገባን እንዲህ ያጣመረ ደራሲ ሊናቅ አይችልም። በታሚል አገር የሺቫ ሊቃውንትም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኡንማይ ቪላክካም በተባለው ድርሳን ስለሚደንሰው ሺቫ፣ ስለ ናታራጃ፣ ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ አናንዳ ኩማራስዋሚ እ.ኤ.አ. በ1918 «የሺቫ ጭፈራ» በሚል ርእስ ባሳተመው የድርሰቶች መድበል ይህን ትርጓሜ ለዓለም አስተዋወቀ፤ ከበሮው ፍጥረት፣ እሳቱ ጥፋት፣ የተዘረጋው እጅ ጥበቃ፣ የተነሳው እግር አርነት። ከዚያ ወዲህ ናታራጃን በሌላ ዓይን ማየት ለብዙዎች ከባድ ሆኗል።

ሆኖም ሁለት ነገሮች አይገጥሙም። የመጀመሪያው የዘመን ነገር ነው፤ የቾላ ነገሥታት አንጥረኞች ናታራጃን በነሐስ ማፍሰስ የጀመሩት ኡንማይ ቪላክካም ከመጻፉ ብዙ ዘመን ቀደም ብሎ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርመኛል። እነዚህ ነሐሶች ለዑደት የሚወጡ ምስሎች ናቸው። በወጡ ጊዜ ሐር ለብሰው፣ የአበባ ጉንጉን ተደራርቦባቸው፣ በጌጥ ተሸፍነው ነው። ከበሮው፣ እሳቱ፣ ከእግሩ በታች የተረገጠው ድንክ፣ የተፈታው ሁሉ ማለት ነው፣ በአብዛኛው በጨርቅና በአበባ ስር ይውላል። ምእመኑ የሚያየው ፊቱን ነው። ምስሉን ራቁቱን አቁሞ እያንዳንዱን እጅ እንድናነብ ያመቻቸልን ሙዚየም ነው። የህንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2004 ለአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል ለሰርን ሁለት ሜትር የሚያህል ናታራጃ ሰጥቷል፤ ጄኔቫ አጠገብ ባለው ግቢ ቆሞ የፍጥረትንና የጥፋትን ዑደት ከቅንጣቶች እንቅስቃሴ ጋር ያመሳስላል። ትእምርትነቱ እዚያ የተሟላ ነው። የሚያጥበው፣ የሚያለብሰው፣ የሚያበላው የለም እንጂ።

በቤትም በመቅደስም የሚፈጸመው አምልኮ፣ ፑጃ፣ በተሟላ መልኩ 16 አገልግሎቶች አሉት። ዝርዝሩ ከጽሑፍ ጽሑፍ ቢለያይም አካሄዱ አንድ ነው፤ አምላክን መጥራት፣ መቀመጫ ማቅረብ፣ የእግር ውሃ፣ የእጅ ውሃ፣ መጉመጥመጫ፣ ገላ ማጠብ፣ ልብስ ማልበስ፣ ሰንደል መቀባት፣ አበባ፣ ዕጣን፣ መብራት፣ ምግብ፣ በስተመጨረሻም ስግደትና ስንብት። እንግዳን እግር አጥቦ ማዕድ ማቅረብን የሚያውቅ አንባቢ ለዚህ ቅደም ተከተል ማብራሪያ አይሻም። መብራቱንም እዚህ ቦታው ላይ ስናየው ሥራው ይገለጣል። የደቡብ ህንድ መቅደስ ውስጠኛ ክፍል መስኮት የለውም፤ ጨለማ ነው። ካህኑ ነበልባሉን በምስሉ ዙሪያ ሲያዞረው ፊቱ ለአፍታ ይወጣል፣ በዚያች ቅጽበት አምላክና ምእመን ይተያያሉ። የሃይማኖት ተመራማሪዋ ዳያና ኤክ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመችው «ዳርሻን» የሂንዱ አምልኮ እምብርት ይህ መተያየት መሆኑን አሳይታለች። ከዚያ መብራቱ ወደ ሕዝቡ ይወጣል፤ ሰዎች መዳፋቸውን ከነበልባሉ በላይ አሳልፈው ዓይናቸውን ይዳስሳሉ። «መብራት ዕውቀት ነው» የሚለው ፍቺ ስሕተት የለበትም፤ የዘነጋው መዳፉንና ዓይኑን ነው።

ክርክሬን በደንብ የሚፈትነው የቤንጋል የዱርጋ ፑጃ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 የኮልካታን ዱርጋ ፑጃ በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ሲያካትት ዓለም ያየው ግዙፍ ድንኳኖቹንና አሥር እጅ ያላትን የጭቃ አምላክ ነበር። ምስሎቹን የሚሠሩት በሰሜን ኮልካታ የኩማርቱሊ ሠፈር ቀራጮች ናቸው፤ ከቀርከሃ ማገር፣ በላዩ ከታሰረ የሩዝ ገለባ፣ ከዚያም ከወንዝ ጭቃ። ከጭቃው ጋር በሴተኛ አዳሪ ደጃፍ የተዘገነ አፈር እንዲቀላቀል ልማዱ ያዛል። ለዚህ ልማድ ደርዘን ትርጓሜ ይሰጣል፣ የአንዱም ማስረጃ ከሌላው አይበልጥም፤ አልፈዋለሁ።

ተመልካቹ ምስሏን ሲያይ ካህኑ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ከእግሯ በታች በእርጥብ አፈርና በእህል ላይ የተቀመጠ የውሃ ማሰሮ አለ፤ በአፉ የማንጎ ቅጠል፣ ከቅጠሉ በላይ ኮኮናት። አምላኳ በቅድሚያ የምትጠራው ወደዚህ ማሰሮ ነው። ሞልቶ ቅጠል ያበቀለ ማሰሮ ከቡድሂስቶቹ የሳንቺና የባርሁት ሐውልቶች ጀምሮ በህንድ ድንጋዮች ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ከየትኛውም ሃይማኖት ፍቺ ሳይቀድም አልቀረም። ከምስሎቹ መደዳ ዳር ደግሞ ሳሪ የለበሰች፣ ራሷን የሸፈነች፣ ፊት የሌላት «ሙሽራ» ቆማለች። ሕዝቡ የዝሆን ራስ ያለው አምላክ የጋኔሽ ሚስት ይላታል። ሳሪው ቢገለጥ የሚገኘው የሙዝ ተክል ነው፤ ከእርድ፣ ከሮማን፣ ከሩዝና ከሌሎች ጋር ዘጠኝ ሆነው የታሰሩ ዕጽዋት። በበዓሉ በሰባተኛው ቀን ማለዳ ወንዝ ወርዳ ታጥባ ትመለሳለች። በሥርዓቱ እርሷም ራሷ ዱርጋ ናት። ስለዚህ አንዲት አምላክ በአንድ ድንኳን ውስጥ በማሰሮ፣ በዕጽዋትና በጭቃ ሦስት ቦታ ተቀምጣለች። አንድ ዕቃ አንድ ፍቺ የሚለው ዘዴ እዚህ ላይ መንገድ ያጣል፤ ሦስቱም «የሚወክሉት» አንድ ነገር ከሆነ ሁለቱ ትርፍ ናቸው። እንግዳን ግን በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ቦታ ማስቀመጥ የሚከለክለው የለም።

ከዚያ የመታጠቢያው ሰዓት ይመጣል፣ ችግርም አብሮ ይመጣል። ከወንዝ ጭቃ የተሠራች አምላክ ውሃ ቢፈስባት ትሟሟለች። ካህኑ መስታወት ያነሳል። ከፊቷ ያኖረዋል፣ መልኳ በመስታወቱ ሲያርፍ የየዓይነቱን ውሃ በመስታወቱ ላይ ያፈሳል። የታጠበው ነጸብራቅ ነው፤ አምላኳ ታጥባለች። በአሥረኛው ቀን መሸኛዋም እንዲሁ በመስታወት ይጀምራል፤ ካህኑ መስታወቱን ውሃ በያዘ ዕቃ ውስጥ አኑሮ የእግሯን ነጸብራቅ በውሃው ያያል፣ ያሰናብታታል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጭቃ ነው። ምስሏ ወደ ሁግሊ ወንዝ ከመውረዷ አስቀድሞ ሴቶች ፊቷን በቅጠል ይጠርጉላታል፣ ጣፋጭ ያጎርሷታል፣ በሚቀጥለው ዓመት እንድትመለስ ይለምኗታል። በቤንጋል እምነት ዱርጋ ባሏን ካይላስ ተራራ ላይ ትታ ለጥቂት ቀናት ወላጆቿን ልትጠይቅ የመጣች ልጅ ናትና፣ ስንብቱ የልጅ ስንብት ነው።

መስታወቱን ሁልጊዜ የማነሳው ለዚህ ነው። የትእምርት ሊቅ መስታወትን በቀላሉ ይፈታዋል፤ ዓለም ነጸብራቅ ናት፣ ማያ፣ ማለትም ምትሐት ናት ይላል። ያምራል፣ በቬዳንታ ፍልስፍናም መሠረት አለው። ነገር ግን መስታወቱ እዚያ የተገኘው ጭቃ ውሃ ስለማይችል ነው። ሥርዓቱ ለአንድ ተግባራዊ ችግር የፈጠረው መፍትሔ ነው፤ ፍልስፍናው ከኋላ ደርሶ ተቀመጠበት።

ለክርክሬ ከባዱ ፈተና ሻሊግራም ነው። በኔፓል ሙስታንግ ከካሊ ጋንዳኪ ወንዝ የሚለቀም ጥቁር ድንጋይ ሲሆን፣ ሥነ ምድር ከ100 ሚሊዮን ዓመት በፊት በባሕር ይኖር የነበረ የአሞናይት ቅሪት ይለዋል። በውስጡ ያለው ጥምዝምዝ የቪሽኑ ጎማ ነው። ሌሎች ምስሎች አምላክ እንዲያድርባቸው ፕራና ፕራቲሽታ የተባለውን እስትንፋስ የማስፈር ሥርዓት ይሻሉ፤ ሻሊግራም አይሻም፣ ከወንዙ ሲወጣ ቪሽኑ ራሱ ነው። አይጠራም፣ አይሰናበትምም። የእንግድነት ነገር እዚህ የፈረሰ ይመስላል። ቢሆንም ሻሊግራሙ ቤት ከገባ ወዲያ በየዕለቱ ይታጠባል፣ የቱልሲ ቅጠል ይቀርብለታል፣ ካርቲክ በተባለው የሂንዱ ወር ከቱልሲ ተክል ጋር ይዳራል። እንግዳ ባይሆን የቤት ሰው ሆኗል፤ እንዲያውም ችላ ሊባል የማይችል ሽማግሌ። መስተንግዶ የሚለውን ቃሌን ለማስፋት እገደዳለሁ፤ ወደ ፍቺው ዝርዝር የሚመልሰኝ ነገር ግን አላገኘሁም።

ሕጉ የምስሉን ነዋሪነት ከሃይማኖት ጥናት ቀድሞ ሳይረዳው አልቀረም። የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ችሎት የነበረው የለንደኑ ፕሪቪ ካውንስል እ.ኤ.አ. በ1925 ከካልካታ በመጣ የቤተሰብ ክርክር ላይ፣ የቤት ምስል የራሱ ፈቃድ ያለው የሕግ ሰው መሆኑንና ፈቃዱ መከበር እንዳለበት ወሰነ። በታሚል ናዱ ፓቱር መንደር እ.ኤ.አ. በ1976 ከመሬት የወጣው የነሐስ ናታራጃ በደላሎች እጅ ለንደን ሲደርስ ፖሊስ ያዘው። ምስሉ የነበረበት የፈረሰው መቅደስም በወኪሉ በኩል በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1988 ረታ፣ በ1991 ይግባኙም ጸናለት፣ ምስሉም ወደ ህንድ ተመለሰ። ምልክት ከሳሽ አይሆንም፤ ነዋሪ ግን ቤቴን ሊል ይችላል። በዚህ ረገድ የብሪትሽ ሙዚየም የያዛቸው 11 የኢትዮጵያ ታቦታት የጉዳዩን ሌላ ገጽ ያሳያሉ። ሙዚየሙ ለእይታ አያወጣቸውም፤ ለታቦት መሰወር ክብር ነውና። የሂንዱ ምስል ግን ካልታየ፣ ካላየም ሥራ ፈቷል። በአንድ ሙዚየም ግምጃ ቤት መቆለፍ ለአንዱ የጎደለ ክብር፣ ለሌላው ረሃብ ነው።

ዛሬ ክርክሩ ከቤተ መጻሕፍት ወጥቶ ወንዝ ዳር ደርሷል። በሙምባይ የጋኔሽ በዓል ምስሎች በብዛት የሚሠሩት ከፓሪስ ፕላስተር ነው፤ ቀላል፣ ርካሽ፣ ለግዙፍ ቁመት የሚመች። የህንድ ማዕከላዊ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው መመሪያ የፕላስተር ምስልን ከልክሎ ጭቃን አዘዘ፤ ፕላስተር በውሃ በቶሎ አይሟሟምና፣ ቀለሙም ከባድ ብረቶችን ወደ ውሃው ያስገባልና። መመሪያው የተጻፈው በአካባቢ ጥበቃ ቋንቋ ነው፤ ቅሬታውም የንግድ ነው፣ የቀራጮች እንጀራ ነው። በኔ ግምት ግን ከስር ያለው የሥርዓቱ ጥያቄ ነው። ለፍቺ ሰው ፕላስተርና ጭቃ ልዩነት የላቸውም፤ የዝሆኑ ራስ በሁለቱም ጥበብ ነው፣ አይጧም በሁለቱም የተገራ ፍላጎት ናት። መሄድ ላለበት እንግዳ ግን የዕቃው መሟሟት የስንብቱ ግማሽ ነው። በማግሥቱ እጅና ኩምቢው ሳይሟሟ ባሕር ዳርቻ የተጣለ ጋኔሽ ትእምርቱ አንድም አልጎደለበትም፤ የጎደለው ስንብቱ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ከካህናቱ ጋር ተቀምጠው መነጋገር የሚችሉበት ነጥብ ካለ ይህ ይመስለኛል፤ እስካሁን ሁለቱ ወገኖች በብዛት የሚገናኙት በፍርድ ቤት ነው።