የጠፉ አያቶችን ስለ መፈለግ፤ በትውልድ ቆጠራ ላይ የቀረበ ሒስ

«የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ የተጠየቀ ያገራችን ሰው መልሱን በአባቱ ስም አይጨርስም። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ምንጅላቱን እያለ በአንድ ትንፋሽ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ይህን ማድረግ የቻለ ልጅ በዘመድ ፊት ይመሰገናል፤ ያልቻለ ግን አሳዳጊ እንደ በደለው ተቆጥሮ ይታዘንለታል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ቆጠራ ነው። የመረመርነውም ወንበር ላይ ተቀምጠን አይደለም። ባለፈው ክረምት ስድስት ሆነን የየቤታችንን ትውልድ በደብተር ለመጻፍ ተነሣን፤ የአንዱን ጎደሎ ሌላው እንዲሞላለት፣ አንዱ ሊደርስበት ያልቻለውን አገር ሌላው ሄዶ እንዲጠይቅለት ተስማማን። ከዚያ ሥራ ይዘን የተመለስነው ግን ከስም ይልቅ ጥርጣሬ የበዛበት ነው። ጥርጣሬውን ለመምህራንና ለተማሪ ጓደኞቻችን ማቅረብ ይገባናል ብለን አሰብን።

አስቀድመን ሒሳቡን እንይ። ማንም ሰው 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች አሉት። እንዲህ እጥፍ እየሆነ ሲሄድ በሰባተኛው ቤት 128 ይደርሳል፤ ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ያሉት ሁሉ ሲደመሩ 254 ይሆናሉ። (ዘመድ ከዘመድ ተጋብቶ እንደሆነ ቁጥሩ ያንሳል።) በአደባባይ እያደነቅን የምናደምጠው ቆጠራ ከነዚህ ውስጥ 7ቱን ብቻ ይጠራል። የቀሩት 247 ናቸው። ከተጠሩትም ከሰባቱ መካከል አንዲት ሴት የለችበትም። ሰባቱን አባቶች ያለ አንዳች ስሕተት የጠራልን ጓደኛችን የእናቱ አያት ማን እንደ ነበሩ ስንጠይቀው ዝም አለ።

ይህ ጉድለት ቀላል ነው የሚል አንባቢ ካለ ቆጠራው ለምን እንደ ተሠራ ያስታውስ። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። ዝምድና ደግሞ በአባት ብቻ አይመጣም፤ በእናትም ይመጣል። ሁለት የእኅትማማች ልጆች አባቶቻቸውን እስከ ሰባት ቤት ቢቆጥሩ አንድም የጋራ ስም ላይገኝ ይችላል፤ በቆጠራው ብቻ ከሄድን ልናጋባቸው ነው። እንግዲህ አባት ብቻ የሚጠራው ቆጠራ የተፈጠረለትን ሥራ እንኳ አይሠራም ማለት ነው።

ታዲያ አባት ብቻ የቀረው ለምንድን ነው? እንደሚመስለን አንዱ ምክንያት ወረቀት ነው። የቤተ ሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን የእያንዳንዳችን ስም ራሱ አጭር የትውልድ ሐረግ ነው፤ በመታወቂያችን ላይ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ተከታትለው ይጻፋሉ። ከተማ የተወለደ ሰው ከዚያው ቀጥሎ አምስት ስም ቢጨምር ሰባት ሞላለት። የእናት ስም ግን የሚቀጥልበት መስመር የለውም። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበሩትን እናቶች ፈልጎ ለማግኘት መዝገብ ቤት ሳይሆን ሰው ቤት መሄድ ግድ ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በጎጃምና በጎንደር የርስት ሥርዓት ጸንቶ በነበረበት ዘመን ሰው መሬት የሚጠይቀው አገሩን ካቀናው አባት መወለዱን ቆጥሮ ነው፤ መቁጠሪያውም በወንድም በሴትም በኩል ይሆን ነበር። ርስት ፈላጊ የአባቱን መስመር ጨርሶ ያጣ እንደሆነ በእናቱ አያት፣ በአያቱም እናት በኩል ዞሮ ይገባል። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ የዛሬው የኮሌጅ ተማሪ የማያውቃቸውን ሴት አያቶች በስማቸው፣ በተዳሩበት ቀበሌ፣ በወለዱት ልጅ ለይቶ ያውቅ ነበር። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ የርስት ሙግት አበቃ፤ ከሙግቱም ጋር እናቶችን የማስታወስ ጥቅሙ አበቃ። ስለ ዐዋጁ መልካምነትና ክፋት ብዙ ተጽፏል፤ ይህ ውጤቱ ግን እምብዛም ሲነሣ አልሰማንም። በዚያ ዓመት የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ተሟጋች ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። የምንጠይቀው ሰው እያለቀ ነው።

ስለዚህ የቆጠራ ዓይነት ከተጻፉት ሁሉ የሚጠቀሰው የአላን ሆበን መጽሐፍ ነው። አሜሪካዊው የሰው ኅብረት አጥኚ በጎጃም በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውን በ1973 (እ.ኤ.አ.) አሳተመ። የመጽሐፉ ትልቁ ቁም ነገር፣ ርስት የመጠየቅ መብትና በእጅ ያለ መሬት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማሳየቱ ነው። አንድ ሰው ከብዙ አቅኚ አባቶች ሊወለድ ስለሚችል መብቱ በብዙ ቦታ አለ፤ መሬት ሆኖ በእጁ የሚገባው ግን ጉልበት፣ ወገንና ጊዜ ያገዙት ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተለውን እኛ በራሳችን ቃል እንበለው፤ ሰው አያቶቹን ሁሉ አያስታውስም፤ የሚያዋጡትን ያስታውሳል።

መጽሐፉን እናደንቃለን፤ ነገር ግን ሁለት ቅሬታ አለን። አንደኛው በመጽሐፉ ላይ ሳይሆን በጠቃሾቹ ላይ ነው። ሆበን የጻፈው ስለ ጎጃም ነው፤ የኛ ጓደኞች ግን ለሸዋም፣ የገባር ሥርዓት ለነበረበት ለደቡቡም ክፍል ያው ቁልፍ ይከፍታል ብለው ይጠቅሱታል። ሁለተኛው በራሱ ላይ ነው። ሆበን ቆጠራን የሚያየው እንደ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ አሳምሮ አሳይቶናል፤ የተቆጠረው ሰው በእውነት ማን ነበር የሚለው ጥያቄ ግን የእርሱ ጥያቄ አልነበረም። አያቱ የጠፋችበት ልጅ ደግሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

በዚህ በኩል የዶናልድ ክራሚ ሥራ ይሻላል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በታተመው መጽሐፉ፣ ከዚያም በፊት ባወጣቸው ጽሑፎች፣ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ሕዳግና ባዶ ገጽ ላይ የተጻፉትን የመሬት ስጦታ፣ የሽያጭ፣ የውርስና የሙግት ማስታወሻዎች ሰብስቦ መርምሯል። በነዚያ ማስታወሻዎች ውስጥ የበጌምድር ሴቶች ባለ ርስት፣ ወራሽ፣ ተሟጋች ሆነው ይታያሉ። የሰው አፍ የጣላቸውን ብራና ይዟቸዋል። ቅር የሚያሰኘው ብራናውም አድልዎ ያለበት መሆኑ ነው፤ አብዛኛውን የሚያውቀው የመኳንንቱን ወገን ነው። የገበሬ ሚስት በሕዳግ ላይ ስሟ የሚገኘው በዕድል ነው።

ብትገኝም እንኳ ማን መሆኗን ማወቅ ሌላ ችግር ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰውን የምትጠራው በክርስትና ስሙ ነው። እቴጌ ጣይቱ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል፣ ንግሥት ዘውዲቱ አስካለ ማርያም፣ እቴጌ ምንትዋብም ወለተ ጊዮርጊስ ይባሉ ነበር። እነዚህን የምናውቃቸው ነገሥታት ስለሆኑ ነው። በአንድ የገጠር ደብር ዳዊት ላይ «ወለተ ማርያም» ተብላ የተጻፈች ሴት ከጓደኛችን ቅድመ አያት ጋር አንድ መሆኗን በምን እናውቃለን?

ከስድስታችን የገጠመንን አንዱን ነገር ዘርዘር አድርገን ብናቀርበው ሒሳችን ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ከላይ ዝም አለ ያልነው ጓደኛችን የሚፈልገው የእናቱን አያት ነው። በቤት ሲጠይቅ የተመለሰለት «ከደኅና ቤት የመጡ ናቸው» የሚል ብቻ ነበር፤ ስም የሚነግረው ግን አጣ። ከመካከላችን ሁለቱ ከእርሱ ጋር ጎጃም ወርደው በደብሩ አጠገብ የሚኖሩ ሦስት ሽማግሌ ዘመዶቹን ጠየቁ። ሦስቱም ያንኑ ነገር፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል ተናገሩ። እኛም ደስ ብሎን «ሦስት ምስክሮች ተስማምተዋል» ብለን ጻፍን። በማግስቱ ግን ሦስቱም የሰሙት ከአንድ ሟች አጎት መሆኑን ደረስንበት። ሦስት ያልነው ምስክር አንድ ሆነ፤ እርሱም የነገሩ ባለ ጥቅም የነበረ ሰው ነው።

በትውልድ ፍለጋ ሥራ ላይ ያለን ዋና ሒስ ከዚህ ላይ ይነሣል። ፈላጊዎች እርስ በርሳችን ስንረዳዳ የምንፈልገው የሚስማማልንን ሰው ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ይገለብጣል፤ ሦስተኛው ሁለቱን አይቶ ተረጋገጠ ይላል። እንዲህ ዓይነቱ እርዳታ ወዳጅነትን ያጸና እንደሆነ እንጂ አያት አያስገኝም። (የአንዳንዱ ሐረግ ደግሞ ከአምስተኛው ቤት በኋላ ሩጫውን በአንድ ጊዜ ወደ ንጉሥ ሰሎሞን ያደርገዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ኃይሉ ሳሉ የኮሶ ሻጭ ልጅ እየተባሉ ይሰደቡ ነበር፤ ከነገሡ በኋላ ግን የዳዊትና የሰሎሞን ልጅ ተባሉ። ዐፄ ምኒልክንም በአባታቸው በንጉሥ ኃይለ መለኮት በኩል የሚቆጥር ሞልቷል፤ የእናታቸው የወይዘሮ እጅጋየሁ ወገን ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። የንጉሠ ነገሥት እናት እንዲህ ከሆኑ የገበሬ እናት ምን ትሁን?)

ወደ ነገራችን እንመለስ። የጠፋችውን ሴት ያገኘነው ከዘመድ ሳይሆን ከባላጋራ ነው። በወንዙ ማዶ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ አባታቸው ከጓደኛችን ቤተ ሰብ ጋር ስለ አንድ የእርሻ ቦታ ብዙ ዓመት ተሟግተዋል። ዘመዶቹ ወደ እርሳቸው እንድንሄድ አልወደዱም። ቡና ሳይፈላ፣ ገና የመጣንበትን ስንናገር፣ ሽማግሌው የሴትዮዋን ስም፣ የአባቷን ስም፣ አስቀድሞ የተዳረችበትን አገርና ባሏን ጭምር ነገሩን። «እንዴት አስታወሱ?» ብንላቸው ሳቁብን። «መሬቱን የወሰዱብን በእርሷ አይደለም ወይ!» አሉ። ቤቷ የረሳትን ሴት ባላጋራዋ አልረሳትም። ነገር ግን አንድ ቃል ጨመሩ፤ «እርግጥ፣ እዚያ ቤት ያደገች ናት እንጂ የተወለደች አይደለችም።»

«እዚያ ቤት ያደገች» የሚለውን አነጋገር ያገራችን ሰው በቶሎ ይረዳዋል፤ ትርጉሙን በአንድ ቃል ተናገር ቢሉት ግን ይቸገራል። የሙት ልጅ ሆና ዘመድ ያሳደጋት ልትሆን ትችላለች። በማደጎ የመጣች ልትሆን ትችላለች። በባርነት ከሩቅ አገር የመጣች ሴት ልጅም ልትሆን ትችላለች። ባርነት በሕግ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ተይዘው የመጡ ሰዎች ስማቸውን ጌታቸው ያወጣላቸው ነበር፤ አባታቸውን የሚቆጥርላቸውም አልነበረም። በየቤቱ ቆጠራ ውስጥ ድንገት የሚቋረጠው መስመር ስንት ጊዜ የነዚህ ሰዎች መስመር ይሆን? ይህን በኛ የትምህርት ክፍሎች ገና በወጉ የጠየቀው የለም ብንል ማጋነን አይመስለንም።

የአዛውንቱም ቃል ቢሆን እንደ ወንጌል የሚታመን አይደለም። የሴትዮዋን ልደት መካድ ለአባታቸው ሙግት ይጠቅም ነበርና እርሳቸውም ባለ ጥቅም ናቸው። ስለዚህ የተከተልነው መንገድ ይህ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበትን ለይተን አወጣን። ስሟን ከነገርናቸው በኋላ ዘመዶቹም አልካዱም፤ የተዳረችበትን ቀበሌ፣ የመጀመሪያ ባሏን፣ የወለደቻቸውን ልጆች ቁጥር ሁለቱም ቤት አንድ አድርጎ ይናገራል። ለማስማማት አንዳች ምክንያት የሌላቸው ሰዎች የተስማሙበት ነገር ከአሥር ዘመድ ምስክርነት ይበልጥብናል። የተለያዩበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ልደቷ ነው።

በዚህ ላይ ስድስታችን ራሳችን ተጣላን። ሁለቱ «የቤቱ ልጅ ናት» የሚለው ብቻ ይጻፍ፤ ያልተረጋገጠ ነገር ጽፎ የጓደኛን ቤት ማሳፈር ምን ይጠቅማል አሉ። የቀረነው ግን የቤቱ ልጅ መሆኗም እንደዚሁ አልተረጋገጠም፤ ካልተረጋገጡት ሁለት ነገሮች የሚያምረውን መርጦ መጻፍ የሟቹን አጎት ሥራ መድገም ነው ብለን ተከራከርን። ጓደኛችን እስከ ማታ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ በመጨረሻ ብዕሩን አንሥቶ ሁለቱንም በራሱ እጅ ጻፈ፤ በስተ ቀኝ የዘመዶቹን፣ በስተ ግራ የባላጋራውን ቃል፣ በመካከል ስሟን።

ደብተሩ አሁን በእናቱ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እናቱ ቀኙንም ግራውንም አስነብበው ከሰሙ በኋላ የአያታቸውን ስም ሁለት ጊዜ ደግመው ጠሩት፤ ከዚያም የታላቅ እኅቱ ሠርግ ሳያልፍ ለማንም እንዳይታይ አሉ። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ሊያስቆጥሩ የሚመጡት በጥር ነው።