የፋንታሲ ተጫዋቾች ምን ይላሉ? (ከሳንጃ የተለቃቀመ ሂስ)

የዚህች መጽሔት አንባቢ «ደግሞ ኳስንና ሥነ ጽሑፍን ምን አገናኛቸው?» ብሎ ሳይቆጣኝ አይቀርም። ይቆጣ! እኔ ግን ስለ ገጸ ባሕርይ አመራረጥ ከሁሉ የከረረውን ክርክር የሰማሁት ክፍል ውስጥ አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. ክረምት ለእረፍት ሳንጃ በወረድኩ ጊዜ፣ ሙቀቱ በሚጋረፍ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ነው።

ነገሩ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ነው። ለማያውቅ ባጭሩ፦ 100 ሚሊዮን ፓውንድ የምናብ ገንዘብ ይሰጥሃል፤ በዚያ 15 ተጫዋቾች ትገዛለህ፤ ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ አይፈቀድም። ተጫዋቹ በእውነተኛው ሜዳ የሠራው በነጥብ ይመነዘርልሃል፤ አምበልህ ያመጣው እጥፍ ይሆናል። ከተፈቀደልህ በላይ ሰው ከለወጥክ በአንዱ 4 ነጥብ ትቀጣለህ። ስሙ ምናብ ይሁን እንጂ ሕጉ የዕቁብ ሕግ ነው የሚመስለው።

የመጀመሪያው ስሞታ «ኳስ ማየት አበላሸብን» የሚል ነው። አንድ የሰሊጥ ደላላ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የአርሴናል ደጋፊ፣ አርሴናል ላይ ጎል ሲቆጠር ከመቀመጫው ብድግ ሊል ሲል ጓደኞቹ ያዙት። ለካ አግቢው የእሱ አምበል ኖሯል! «ክህደት ነው» አለኝ ራሱ፣ እየሳቀም እያፈረም። በበኩሌ ክህደት አልለውም። ጥሩ ልቦለድም እኮ ለጠላታችን እንድናዝን ያደርገናል። ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጎድላል፦ ደላላው የፈለገው ጎሉን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ሦስት ሰው አታሎ ያለፈ ኳስ ወደ ጎል ካልተለወጠ ለፋንታሲ ተጫዋች እንዳልነበረ ነው። ነጥብ የሌለው ውበት አይታየውም። ይህን በቀላሉ የማልፈው ጉድለት አይደለም፤ ልቦለድን ለፈተና ብቻ የሚያነብ ተማሪም (ራሴን ጨምሮ) ያው ነው።

ሁለተኛው አስተያየት ግን አስደስቶኛል። ድሮ ተከላካይ ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲያወጣ፣ ሲነጥቅና በደረቱ ሲመልስ ውሎ ቡድኑ ላይ አንድ ጎል ከገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመሰለፊያውን 2 ነጥብ ይዞ ይገባ ነበር። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የተጀመረው ውድድር ይህን ለወጠው፦ ተከላካይ እንዲህ ያለውን ሥራ 10 ጊዜ ከሠራ 2 ነጥብ ይጨመርለታል። ክረምቱን ሰሊጥ ሲያርም የከረመ ወጣት «ጎንበስ ብሎ የዋለም ተቆጠረለት በለኛ!» አለ። ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን ስለ አዲሱ ሕግ ከዚህ የበለጠ ሂስ አልሰማሁም።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ እሱ ነው። በ2015 ክረምት ቡድኑን ሠርቶ ጨረሰ። ሐምሌ 28 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ውድድሩ ነሐሴ 5 ሲጀመር፣ በዚያው በመጀመሪያው ጨዋታ ዴብሩይን ተጎዳና እስከ ጥር ገደማ ጠፋ። የአክስቴ ልጅ ቡድን ውስጥ ዴብሩይን ነበር! እኛ አዲስ አበባ ያለነው በየሳምንቱ እንለዋውጣለን፤ ከማንቸስተር ሲቲ ወደ ቼልሲ የሄደውንና በኋላ የዓመቱን ከፍተኛ ነጥብ ያመጣውን ኮል ፓልመርን እንሻማለን። እሱ ስልክ በሚሠራበት ቀን ይደውልና «ነጥቤ ስንት ደረሰ?» ይለኛል።

«የይለፍ ቃልህን ንገረኝና ዴብሩይንን ላውጣልህ» ብለው እምቢ አለ። «አንተ ከነካኸውማ የአንተ ሆነ። ቢሞትም የኔ ሆኖ ይሙት።»

ስለ ደራሲነት ብዙ ተምረናል፤ እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ ግን የለም። አንዳንዶች ግትርነት ይሉታል። እኔም ያኔ እንደዚያ ብዬ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን በዚያ ዓመት በእጁ የቀረ፣ ራሱ የወሰነው ነገር ምን ነበረው? ሲዝኑ ግንቦት 2016 ላይ ሲያልቅ ማንም ያልነካው ቡድን በ20 ሰው ሊጋችን 14ኛ ወጣ። በየሳምንቱ ሌሊቱን ሙሉ ስንመራመር ከከረምነው 6ታችንን በለጠን ማለት ነው። ከስድስቱ አንዱ እኔ ነኝ።

ስለዚህ «ፋንታሲ የዕውቀት ጨዋታ ነው» የሚለውን የጓደኞቼን ትምክህት በግማሽ ብቻ ነው የምቀበለው። ቡድን ጥሎ መሄድ ይሻላል ማለቴ አይደለም፤ እሱም እኮ ጥሎት አልሄደም።

ባለፈው፣ ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ ስታገኘው አዲስ ቡድን ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። የአማካዮቹን ዝርዝር ወደ ላይ ወደ ታች ይጎትታል።

«ማንን ነው የምትፈልገው?»

«ዴብሩይንን።»

«የለም እኮ፤ ናፖሊ ገብቷል» አልኩት።

ስልኩን ጭኑ ላይ ገልብጦ አስቀመጠና ጨዋታውን ማየት ጀመረ።