ፓምፕ ውሃ አይስብም

በበጋ ወራት ከሂርና፣ ከበዴሳና ከዶባ ወደ ጭሮ ለጥገና ከሚመጡልኝ የውሃ ፓምፖች ብዙዎቹ ምንም አልሆኑም። ሞተሩ ገመዱ እንደተጎተተ ይነሳል፤ ካንዴላው ንጹሕ ነው፤ ዘይቱም አልጠቆረም። ባለቤቱ ግን ጫቱ እየጠወለገበት ስለሆነ ተጨንቋል። በጋ ላይ ጫት ስለሚወደድ ውሃ ያገኘ ሰው ገንዘብ አገኘ ማለት ነው። «ሞተሩ ደክሟል፤ ውሃ መሳብ አቅቶታል» ይለኛል። መፍቻ ከማንሳቴ በፊት እጠይቀዋለሁ፦ «አባቴ፣ ፓምፑን ያስቀመጡት ከውሃው ስንት ሜትር ከፍ አድርገው ነው?»

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው እዚያው መልሱ ውስጥ ነው።

ፓምፕ ውሃ አይስብም። የሚሠራው ሥራ በመምጠጫው ጎማ ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ነው። ውሃውን ሽቅብ የሚገፋው ከወንዙ ወይም ከጉድጓዱ ውሃ በላይ የተጫነው አየር ነው፤ አየሩ ደግሞ ከአቅሙ በላይ አይገፋም። በባሕር ወለል ላይ አቅሙ 10.3 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የአውሮፕላን ሞተር ቢገጠም እንኳ በመምጠጥ አንዲት ጠብታ አትወጣም።

እኛ ደግሞ ያለነው ባሕር ወለል ላይ አይደለም። በ1648 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዊው ሳይንቲስት ፓስካል የእህት ባል የአየርን ግፊት የሚለካ የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ፒዊ ደ ዶም የተባለ ተራራ ላይ ወጣ፤ ከጫፉ ሲደርስ ሜርኩሪው ከታች ከነበረበት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ እንደሚሳሳ በዚያ ተረጋገጠ። የዚያ ተራራ ጫፍ 1,465 ሜትር ነው። ጭሮ ከተማ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ እኛ ሠፈር የምንውለው ከእነሱ ተራራ ጫፍ በላይ ነው። እዚህ አየሩ ውሃን ሊገፋ የሚችለው 8.3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቆላው ሚኤሶ ወርዳችሁ ብትሠሩ ግማሽ ሜትር ያህል ትጨምራላችሁ። በጎማው ውስጥ ያለው ሰበቃና የፓምፑ እርጅና ሲቀነስ፣ ጭሮ ላይ እኔ የምተማመነው 6 ሜትርን ነው፤ ለሚጠይቀኝ ሰው የምመክረው ደግሞ 5ን። የፓምፑ ሳጥን ላይ «መምጠጫ 8 ሜትር» ተብሎ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። ሞተሩም ራሱ በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል።

መግፋት ግን ሌላ ነው። ያው ባለ 3 ኢንች ፓምፕ ውሃውን አንዴ ከተቀበለ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ሽቅብ ይገፋዋል። ስለዚህ ሞተሩ ወደ ማሳው ሳይሆን ወደ ውሃው ይጠጋ። ገበሬዎቹ ዳገቱ ወገብ ላይ የሚያስቀምጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደራሽ ውሃ ይወስደዋል፣ ሌባም አለ። ሁለቱም እውነተኛ ስጋቶች ናቸው። ቢሆንም ጠዋት አውርዶ ማታ መመለስ ትልቅ ሞተር ከመግዛት ይረክሳል። ማሳው በጣም ከፍ ካለ መሐል ላይ በርሜል ወይም በላስቲክ የተነጠፈ ኩሬ አድርጎ በሁለተኛ ፓምፕ መቀባበል ይቻላል።

የሙያው ረቂቅ ቦታ መምጠጫው ጎማ ነው። መግፊያው ቢቀደድ ውሃ ይፈሳል፤ ሰው ሁሉ ያየዋል። መምጠጫው ቢቀደድ ግን ፓምፑ እየሠራ ሳለ ምንም አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ውሃ ወደ ውጭ አይወጣም። ባለቤቱ እርጥብ ቦታ ፈልጎ ሲያጣ «ጎማው ደኅና ነው» ብሎ ይምላል። እኔ የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው እቀባለሁ፤ አረፋው ወደ ውስጥ ከሰረገ ቀዳዳው እዚያ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያረጀ የመጋጠሚያ ጎሚኒ ወይም የላላ የጎማ ማሰሪያ ፋሼታ ነው። ጎማው ከውሃው እስከ ፓምፑ ያለማቋረጥ እየወጣ መሄድ አለበት፤ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ከወረደ እዚያ ጉብታ ላይ አየር ይጠራቀማል። ለስላሳውን መግፊያ ጎማ ለመምጠጫ የሚያስሩም አሉ፤ አየሩ ከውጭ ሲጫነው ይጣበቃል። ውስጡ ጠመዝማዛ ድጋፍ ያለው ጠንካራ ጎማ ያስፈልጋል።

የፓምፑ ክንፍ የሚወረውረው ውሃ ነው፤ አየር ከገባበት ባዶውን ይሽከረከራል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ጉድጓዶቹ ስለምሰጋ ነው። ውሃው በየዓመቱ ወደ ታች የሚሸሽባቸው ቦታዎች አሉ። በምሥራቅ ሐረርጌ ያለው የሐረማያ ሐይቅ ለመስኖና ለከተማ ውሃ ሲቀዳ፣ በደለልም ሲሞላ ቆይቶ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ማብቂያ ደርቆ ነበር፤ ኋላ ውሃ ቢመለስበትም ያ የሆነው ከእኛ ሩቅ አይደለም። ውሃው ከ6 ሜትር በታች ሲወርድ የባለቤቱ የመጀመሪያ ሐሳብ ሞተሩን በገመድ ጉድጓዱ ውስጥ ማውረድ ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ሞተሩ ወደ ውሃው ቀርቧል። የቤንዚን ጭስ ግን ጉድጓድ ውስጥ ይታመቃል፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ነዳጅ ሊሞላ የወረደው ሰው ይወድቃል፤ ሊያወጣው የወረደው ወንድሙም ይወድቃል። ለዚህ የሚሆን መደገፊያ ሥራልን የሚሉኝን እምቢ እላለሁ፤ ቢቀየሙኝም።

መንገድ ግን አለ። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከጉድጓዱ በታችኛው በኩል ሰፊ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ደረጃ ይቆረጣል፤ ሞተሩ ሜዳ ላይ እንዳለ ጭሱን እየለቀቀ ዝቅ ይላል። ጉድጓዱ ከዚያም ከጠለቀ የሚያዋጣው ውሃ ውስጥ ገብቶ ከታች የሚገፋው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ በመብራትም ሆነ በሶላር ይሠራል፤ የአየር ግፊት ገደብም አይመለከተውም። ዋጋው ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ጎረቤታሞች አዋጥተው ሲገዙ አይቻለሁ። ሊገዙ የሚመጡትን በገመድና በድንጋይ የጉድጓዳቸውን ውሃ ለክተው እንዲመጡ እጠይቃቸዋለሁ፤ የሚለኩትም ክረምቱ እንዳበቃ ሳይሆን በበጋው ማብቂያ፣ ውሃው እጅግ በጎደለበት ሰሞን መሆን አለበት። በጥቅምት ልክ የተገዛ ፓምፕ በየካቲት አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቃጠላል።