የጉዞው ምክንያት፦ «ሌላ»

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምለው ነገር ነበር። «አንድ ድርሰት ስታነቡ የተጻፈውን ብቻ አትዩ፤ ደራሲው አንባቢውን ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ እንደገመተው ጠይቁ» እላቸው ነበር። ማስተማሩን ከተውኩ ሰነበትኩ፤ ልማዱ ግን አልለቀቀኝም። የመድኃኒት ወረቀትም ይሁን የዕድር ማስታወቂያ፣ እኔ የማነበው እንደ ድርሰት ነው። ዛሬ የምሔሰውም ልቦለድ አይደለም፤ አራት ገጽ ያለው የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ነው።

ቅጹ እጄ የገባው እንዲህ ነው። እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ እናት አሉ። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «መምህር» ይሉኛል። ሴት ልጃቸው ከባሏ ጋር ወደ አንዲት የአፍሪካ ቆላ አገር ሄዳ ኑሮዋን እዚያው አድርጋለች። (አገሪቱን በስም አልጠራም፤ ነገ እንፈላለጋለን።) ልጅቱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ሲገባ እማማ ደረጃውን ቀስ ብለው ወጥተው በሬን አንኳኩ።

«መምህር፣ ልጄን ማን ያርሳታል? የገብስ ዱቄቱን አስፈጭቻለሁ፣ ቅቤው ተነጥሯል። ይቺን ወረቀት ብቻ ሙላልኝ።»

ይቺ ወረቀት ብቻዋን አልመጣችም። ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ፓስፖርት፣ ጀርባው ነጭ የሆነ ፎቶግራፍ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሆቴል ማረጋገጫ ወይም የጥሪ ደብዳቤ፣ የሦስት ወር የባንክ መግለጫ፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ ከዚያም የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይዛ ነው።

ሐያሲ ነኝ ካልኩ ደግሞ በጎውን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ከነዚህ ሁሉ ያለ ቅሬታ የተቀበልኩት የመጨረሻውን ነው። ደገኞቹ አባቶቻችን ቆላ መውረድን የሚፈሩት በከንቱ አልነበረም። ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣው ቢጫ ወባ 100,000 ያህል ሰው አጥቅቶ 30,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። ስለዚህ ካርዱን የሚጠይቀን አገር አልሰደበንም፤ ትንኟን ነው የፈራው። ደንቡም ግልጽ ነው። ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አንዴ የተከተበ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆነ ሰዎች ክትባቱ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ፣ ሐኪም አይቶ ቢቀርባቸው ይሻላል ካለ ያንኑ የሚገልጽ ማስረጃ ይሰጣል። እማማን የመረመረው ሐኪምም ዕድሜያቸውን፣ ግፊታቸውን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ጠየቃቸው። ሰውየው እማማን አያቸው ማለት ነው።

ቅጹ ግን አላያቸውም።

የቅጹ ደራሲ ዋና ገጸ ባሕሪውን አስቀድሞ ፈጥሮ ጨርሷል። ይህ ገጸ ባሕሪ ደመወዝተኛ ነው፤ አሠሪ አለው፤ ባንክ ያስቀምጣል፤ ሲሄድ ሆቴል ያርፋል። የሚሄደውም «ለቱሪዝም»፣ «ለንግድ»፣ «ለስብሰባ» ወይም «ለትምህርት» ነው። ገንፎ ሊያገነፋ የሚሄድ ሰው በዚህ ድርሰት ውስጥ ቦታ የለውም። ብቻ ከታች አንዲት ጠባብ ሳጥን አለች፤ «ሌላ» ትላለች። የሰው ልጅ አገር አቋርጦ የሚሄድባቸው ታላላቅ ምክንያቶች፣ ልደቱም፣ ሞቱም፣ ናፍቆቱም፣ እዚያች ሳጥን ውስጥ ተጠቅጥቀዋል።

ሦስተኛው ገጽ ላይ «ወደ አገርዎ እንደሚመለሱ የሚያረጋግጥ ማስረጃ» የሚል አለ። ይህን ለእማማ ሳነብላቸው ሳቁ።

«አልመለስም ብለው ነው? ዕድሬን ለማን ጥዬ!»

እውነታቸውን ነው። ልደታ የድሮ ሰፈራቸው ፈርሶ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ሲበተን እንኳ ዕድራቸውን አልለቀቁም። አንድ የአዲስ አበባ እናት ወደ አገሯ ለመመለሷ ከዕድር ደብተር የበለጠ ምን ማስረጃ ይገኛል? የባንክ ሒሳብ ነገ ይወጣል። ዕድር ግን የሚቀብርህን ሰው ስም ዝርዝር የያዘ ነው። ደብተሩን ላያይዘው አሰብኩ።

እንግዲህ ጥፋቴ እዚህ ላይ ይጀምራል። ቅጽ በመሙላት የሚተዳደር አንድ ልጅ አለ፤ ላማክረው ሄድኩ። የዕድሩን ደብተር ሲያይ አፉን በእጁ ያዘ። «ጋሼ፣ ይሄንን ካስገቡማ ያስቁባቸዋል! ቱሪዝም ይበሉት። ቱሪዝም ጣጣ የለውም። ሆቴሉን እኔ እይዝላቸዋለሁ፤ ቪዛው ሲመታ እንሰርዘዋለን። ባንኩ ላይ ለጊዜው የሚያስገባላቸው ዘመድ አያጡም።» ይህን ሲለኝ የመዋሸት ስሜት በፊቱ ላይ አልነበረም። ሙያውን ነው የሚናገረው።

እኔም ጻፍኩ። በሃያ ምናምን ዓመት የማስተማር ዘመኔ የሌላውን ድርሰት ስተች ኖሬ፣ የራሴን የመጀመሪያ ልቦለድ በሰባ ዓመት ባልቴት ስም ጻፍኩ። እማማን ዘመናዊ ሀገር ጎብኚ አደረግኳቸው፤ መዋኛ ያለው ሆቴል ውስጥ አሳረፍኳቸው፤ የወንድማቸውን ልጅ ገንዘብ የሳቸው ቁጠባ አደረግኩት። እሳቸው ምን እንደጻፍኩ አልጠየቁኝም፤ መምህር አይደለሁ?

የቃለ መጠይቁ ዕለት ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። በመስኮቱ በኩል ያለችው ልጅ በአስተርጓሚ ጠየቀቻቸው። የት ነው የሚያርፉት? እማማ ደነገጡ። «ልጄ ቤት ነዋ! እኔ ሆቴል ምን ልሠራ?» ለምን ይሄዳሉ? «ልጄ ወልዳ።» እውነቱን ተናገሩ። ከሳምንት በኋላ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፤ ያቀረቡት መረጃ እርስ በርሱ ስለሚጋጭ ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም ይላል።

አንባቢዬ ሆይ፣ ኤምባሲውን ብቻ ብወቅስ ቀላል ነበር። እማማን የጣላቸው ግን የኔ ድርሰት ነው። «ሌላ» ብዬ የልጃቸውን የጥሪ ደብዳቤና የዕድራቸውን ደብተር ባያይዝ ኖሮ ይሳካ ነበር ወይ? እንጃ። የማውቀው፣ እውነቱ ዕድሉን እንኳ ሳያገኝ መቅረቱን ነው። እኛ ከቅጽ ፊት ስንቆም እውነት የሚያዋጣ ነገር አይመስለንም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን፤ የመስኮት ሰልፍ ላይ ስንደርስ ግን እስኪያድር የሚጠብቅ የለም።

የወዲያኛውንም ወገን ስጋት አልክድም። ከሀዲያና ከከምባታ ተነሥተው ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ በነዚሁ ቆላ አገሮች የሚያቋርጡ ወጣቶቻችን ብዙ ናቸው። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ አንድ የጭነት መኪና ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ምዚምባ በአንድ ጉድጓድ የተቀበሩ ከ25 በላይ አስከሬኖች ወጡ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዛምቢያ ውስጥ፣ ሉሳካ አጠገብ 27 ሰዎች መንገድ ዳር ተጥለው ተገኙ። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ግን እነዚህ ልጆች የትኛውን ቅጽ ሞልተው ነበር? ቅጹ እነሱን አላስቆመም። ከኮንቴይነሩ አላዳናቸውም። ያስቆመው ቅቤ ያነጠሩትን እማማን ነው።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል ደግሞ አለ። ኬንያ ለመግባት ኢትዮጵያዊ ቪዛ ሲጠየቅ አልኖረም፤ ኬንያም በዚህ ምክንያት አልፈረሰችም። ሩዋንዳ በ2016 ዓ.ም. በሯን ለአፍሪካውያን ሁሉ ያለ ቪዛ መክፈቷን አስታወቀች፤ ጋናም ከፈረንጆቹ 2025 መግቢያ ጀምሮ ተከተለች።

ከኔ በረንዳ ሆነው ቀና ሲሉ የአፍሪካ ኅብረት ረጅሙ ሕንጻ ይታያል። በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግቢ የቆመው ድሮ ዓለም በቃኝ ወኅኒ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ጥር 21 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ መሪዎቹ እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አፍሪካውያን በአህጉራቸው በነጻነት እንዲንቀሳቀሱ የሚፈቅድ ፕሮቶኮል አጸደቁ። ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች በየፓርላማቸው ማጽደቅ ነበረባቸው፤ ይህን ያህል ዓመት አልፎ ያጸደቁት ካንድ እጅ ጣት አይበልጡም። በሌላው በኩል ደግሞ የድሮው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ዛሬ አየር መንገዱ ከ60 በላይ የአፍሪካ ከተሞች ይደርሳል። አውሮፕላኑ ደረሰ፤ መንገደኛው ቀረ።

መቼም ይህን ስጽፍ የራሳችንን ደጃፍ መርሳት አይገባም። አገራችንም በ2011 ዓ.ም. ለአፍሪካውያን ሁሉ ቦሌ ሲደርሱ የሚሰጥ ቪዛ ስትፈቅድ ደስ ብሎን ነበር። የእማማ መልስ በመጣ በወሩ ግን፣ ከአንድ የአፍሪካ አገር ለትምህርት የመጣ ወጣት ከደላላ ጋር እኛ ብሎክ ስቱዲዮ ሊከራይ መጣ። የብሎኩ ኮሚቴ ሰበሰበው፤ እኔም አባል ነኝ። ለምን መጣህ? ገንዘቡን ማን ይልክልሃል? ዋስ አለህ? መቼ ትሄዳለህ? ልጁ ወረቀት አውጥቶ ያሳያል። ጥያቄዎቹን የት እንደማውቃቸው ወዲያው ገባኝ። ሦስተኛው ገጽ ነው! ሆኖም አፌን ከፍቼ አንድ ቃል አልተናገርኩም። «ከቤተሰብ ጋር ላለ ሰው ነው የምናከራየው» ተብሎ ተሸኘ።

የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል፣ «ቤት የእግዜር ነው፤ ግባ» ይባል የነበረበት አገር ነን እንላለን። ያኔም ቢሆን እንግዳው ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ መባሉ አልቀረም። ልዩነቱ ጥያቄው የሚመጣው እግሩ ታጥቦ እራቱን ከበላ በኋላ መሆኑ ነበር።

ሕጻኗ ሴት ናት። ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ስትነሣ አያቷ እዚህ ልደታ ማርያም ቆመው አስቀደሱ። ቅቤው በአንድ መንገደኛ ሻንጣ ቀድሞ ገብቷል፤ እሱን የጠየቀው አልነበረም።

ባለፈው ሰሞን ሁለተኛ ማመልከቻ ሞልተናል። በዚህኛው ሆቴል የለም፤ የተበደርነውም ገንዘብ የለም። «ሌላ» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጌ፣ እማማ የነገሩኝን እንዳለ አሰፈርኩት፤ «የልጄን ልጅ አይቼ፣ ልጄን ጠይቄ እመለሳለሁ» ይላል። የዕድሩን ደብተር ግልባጭ አስተርጉመን አያይዘናል። ያ ቅጽ የሚሞላው ልጅ አሁንም ይስቃል። መልሱ ገና አልመጣም።