ትራክቦል «ባለኳስ ማውስ» ነውን?

ሰሞኑን ለአስተያየት የቀረበልኝ የአንድ ኮምፒዩተር መመሪያ የትርጉም ረቂቅ ትራክቦልን «ባለኳስ ማውስ» ሲል ሰይሞታል። ስያሜው ለጆሮ አይከብድም፤ ይሁን እንጂ ቦታው የተያዘ ነው። ባለኳስ ማውስ በብርሃን የሚሠራው ከመስፋፋቱ በፊት ብዙዎቻችን በጠረጴዛ ላይ ስንገፋው የኖርን፣ ኳሱ ከሆዱ ሥር የተደበቀ ሌላ ዕቃ ነውና።

ማውስ ሲሠራ መላ አካሉ ከእጅ ጋር ይሄዳል፤ ትራክቦል ግን ባለበት ተቀምጦ ኳሱ ብቻ በጣት ይዞራል። በዕድሜም ትራክቦል ይቀድማል። ራልፍ ቤንጃሚን ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል የራዳር ሥራ የኳስ መቆጣጠሪያውን ያሰበው እ.ኤ.አ. በ1946 ሲሆን፣ ዳግላስ ኤንግልባርትና ቢል ኢንግሊሽ በ1964 የሠሩት ማውስ በሁለት መንኮራኩሮች የሚሄድ እንጂ ኳስ ያለው አልነበረም። በ1968 የጀርመኑ ቴሌፉንከን ትራክቦልን ገልብጦ ባለኳስ ማውስ አወጣ። ረቂቁ እንግዲህ አባትን በልጁ ስም ጠርቷል።

ጉዳቱ በመመሪያው ውስጥ ይታያል። «ማውሱን ወደ ቀኝ ይግፉት» የሚለውን ያነበበ የትራክቦል ባለቤት እንደታዘዘው ቢያደርግ፣ ዕቃው ከቦታው ይንሸራተታል፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ጠቋሚ ግን አይነቃነቅም። ጠረጴዛ ለጠበበው ሰው የመሣሪያው ዋና ጥቅም አለመገፋቱ ነበር! «ይጎትቱ» የሚለውም ከማውስ ጋር ይስማማል፤ ቁልፉን የተጫነ እጅ በእርግጥ ይጎትታልና። በትራክቦል ግን አንዱ ጣት ቁልፉን ይዞ ሌሎቹ ኳሱን ማዞር ስላለባቸው ሥራው ያስቸግራል፤ ማኬንዚ፣ ሴለንና ባክስተን በ1991 ባሳተሙት ንጽጽርም ትራክቦል በመጎተት ላይ ብዙ ስሕተት አስከትሏል። ሆኖም በስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር ስለሚጎተት ቃሉ ይቆይ እላለሁ።

ማውስን አንዳንድ የአማርኛ ሶፍትዌሮች «መዳፊት» ይሉታል፤ መዳፍን ስለሚያስታውስ ወድጄዋለሁ። ረቂቁ ለትራክቦል በአማራጭነት ያቀረበው «ተንከባላይ ኳስ» ግን አይስማማኝም። የተንከባለለ ቦታውን ይለቃል፤ ድንጋይ ከአፋፍ ይንከባለላል። ባለበት የሚዞረው ይሾራል፤ እንዝርት እንደሚሾረው ማለት ነው። ስለዚህ «ሿሪ ኳስ» ይሻላል። እንዝርት በአንድ ዘንግ ብቻ ሲሾር ይህ ኳስ በየአቅጣጫው መዞሩን ቃሉ አይናገርም፤ ጉድለቱን አልሸሽግም። እስኪለመድ ድረስ «ትራክቦል» ከጎኑ ቢጻፍ ነውር የለበትም፤ «ባለኳስ ማውስ» ግን መመሪያው ከመታተሙ በፊት ይሰረዝ።